የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሳምንት በወሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለሥራ፣ በትዳር ወይም ከስደት ተመልሰው ወሎ ውስጥ አዲስ አጥቢያ ለሚለምዱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የተዘጋጀ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ነው። ልማድ ከደብር ደብር ስለሚለያይ፣ እዚህ ያነበቡትንም ቢሆን ከቄሰ ገበዙ ጋር ያመሳክሩት።

«ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ምን አለ?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ «ጾም ነው»፣ ሌላው «በዓል ነው» ይለኛል። የትኛው ልክ ነው?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሁለት መቁጠሪያ ትቆጥራለች። አንዱ የሳምንቱ ነው፦ ረቡዕና ዓርብ ጾም፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት። ሌላው የወሩ ነው፦ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። እዚህ ገጽ ላይ ከሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ሁለቱ መቁጠሪያዎች አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ነው።

ካላንደር ሳይገልጡ ለማስላት የሚረዳ ነገር አለ። አቦ የዋለበት ቀን ሚካኤልና ገብርኤልም ይውሉበታል፤ 5፣ 12 እና 19 በሰባት በሰባት ይራራቃሉና። እንዲሁም ሥላሴና ማርያም፣ ኪዳነ ምሕረትና ጊዮርጊስ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ናቸው። ወሩ ሠላሳ ቀን፣ ማለትም አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ስለሆነ፣ እያንዳንዱ በዓል በየወሩ ሁለት ቀን ወደፊት ይገፋል። የዚህ ወር ማርያም ሰኞ ከዋለች የሚመጣው ወር ረቡዕ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ከዚያ እሑድ ትውላለች። ሁለት ወር ተከታትሎ በጾም ቀን የሚውልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የማርያም ማኅበር ያለበት ሰው ቢያንስ ሁለት የጾም ዝክር አስቀድሞ ያስብ። ሒሳቡን የምታፈርሰው ጳጉሜን ናት። አምስት ስትሆን የነሐሴና የመስከረም በዓል በአንድ ዕለት ይውላል፤ ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ብቻ ይገፋል።

በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾሙ ይቀራል?

አይቀርም። ወርኃዊ በዓል ጾም አይሽርም። ዝክሩም በጾም ምግብ ይሆናል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ፣ ዳቦ። ጾሙ የሚቀረው ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ እንዲሁም ልደትና ጥምቀት ራሳቸው በእነዚህ ቀናት ሲውሉ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቅቤ ነው። ለቅዳሜ እንግዳ ዓርብ ማታ ወጥ የምትሠራ እመቤት በዚያው ማማሰያ የጾሙንም ታማስላለች። በበዓል ቤት የጾም ድስትና ማማሰያ ለብቻው ይቀመጥ።

«ሰሞነኛ» ማን ነው?

የሳምንቱ ተረኛ ካህን ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ቃል ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ካህናቱና ዲያቆናቱ በቡድን ተከፍለው በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፤ ተረኛው ሰሞኑን ሲይዝ ከግቢው አይርቅም፣ ኪዳን ያደርሳል፣ ይቀድሳል፣ ለክርስትናና ለፍትሐት የሚመጣውን ይቀበላል። የፈረቃው መለዋወጫ እንደ ደብሩ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ጉዳይ ይዘው ሲሄዱ «አስተዳዳሪው አሉ ወይ?» ከማለት «የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ ማን ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ ቶሎ ይደርሳሉ። አስተዳዳሪው (በትልቅ ደብር አለቃው) ይመራል፤ ቄሰ ገበዙ ቁልፍና ንዋየ ቅድሳት ይይዛል፤ መሪጌታው የማኅሌቱ አዛዥ ነው፤ የዕለቱ ሥራ ግን ሰሞነኛው እጅ ላይ ነው። በገጠር ካህኑ ገበሬም ስለሆነ ሰሞን ሳይኖረው ከእርሻው ወይም ከገበያ ይገኛል። ለምሳሌ በባቲ በኩል ከሆኑ ሰኞ ገበያ ነውና ጉዳይዎን ለማክሰኞ ያቆዩት።

ቤተ ክርስቲያኑ በየቀኑ ክፍት ነው?

ኪዳን በየዕለቱ ጠዋት ይደርሳል፤ ለመሳለምና ለመጸለይ ግቢው ክፍት ነው። ቅዳሴ ግን በየቀኑ ያለው በትልልቅ ደብሮችና በገዳማት ነው። ተራ አጥቢያ እሑድን፣ የታቦቱን ወርኃዊ ቀንና ዐበይት በዓላትን ይቀድሳል። በከተማ፣ በተለይም ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከሥራ መውጫ በኋላ የሠርክ ጉባኤ አለ፤ ቀኑን ከበሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ያንብቡ።

እሑድ ስንት ሰዓት ልድረስ?

ብዙ ቦታ ቅዳሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ገብቶ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ያበቃል። ማኅሌት ካለ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ይጀመራል፤ ሰዓታት የሚቆመውም በሌሊት ነው። በጾም ቀን የሚቀደሰው ቅዳሴ ቀን ገብቶ 9 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ የጾሙ መፍቻ ሰዓት እሱ ነውና። በዐቢይ ጾምም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነው የሚቀደሰው።

ቢያንስ ከወንጌል በፊት ይድረሱ። ንባቡ በጳውሎስ መልእክት ጀምሮ፣ በሐዋርያትና በግብረ ሐዋርያት አልፎ፣ ምስባክ ተሰብኮ ወደ ወንጌል ይደርሳል። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሳያሰናብት መውጣት ነውር ነው፤ ሕፃን የያዘች እናት ግን በረንዳ ላይ ብትቆም ማንም አይቆጣትም።

ነጠላዎን መስቀለኛ ይልበሱ። ጫማ በሩ ላይ ይወልቃል። ሴቶች በደቡቡ፣ ወንዶች በሰሜኑ በር ይገባሉ። ደላንታ፣ ዋድላ ወይም መቄት ከሆኑ ደግሞ ጋቢ ይደርቡ፤ የደጋ ሌሊት በባዶ እግር ድንጋይ ላይ ሲቆሙበት ቀልድ አይደለም።

ሰው ተሰብስቦ ሳለ «ዛሬ ቅዳሴ የለም» ተባለ። እንዴት ይሆናል?

ይህ በገጠር አጥቢያ የሚያሳዝን ግን የታወቀ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ልዑካን መጉደል ነው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈልጋል፦ ሁለት ካህናት (ሠራዒና ንፍቅ) እና ሦስት ዲያቆናት። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ዲያቆን ነው። ዲያቆናቱ ተማሪዎች ናቸው፤ በሥራ ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ ሲያድጉ ደግሞ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ቁጥሩ ቢሞላም ሁሉም ብቁ መሆን አለባቸው። ውኃ የቀመሰ፣ የሚደማ ቁስል ያለበት፣ ሌሊቱን ከሚስቱ ጋር ያደረ አይገባም። አምስት ብቻ ያለው አጥቢያ አንዱ እጁን ማጭድ ከቆረጠው የእሑዱ ቅዳሴ አጠያያቂ ይሆናል። ለዚህ ነው ልባም ቄሰ ገበዝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲያቆናቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ከጎደለው ወደ ጎረቤት አጥቢያ የሚልከው። እሑድ ሌሊት መፈለግ የጀመረ አያገኝም።

ሁለተኛው ዘቢብ ነው። ዘቢቡ ታጥቦ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ተጨምቆ ወይኑ ይሆናል። በገጠሩ አይገኝም፤ ከከተማ ነው የሚመጣው። ክረምት መንገድ ሲቆረጥ፣ ወይም የተገዛው እርጥበት ገብቶት ሲሻግት፣ መተኪያ የለውም። በደረቅ ዕቃ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ቢቀመጥ ይከርማል።

ሦስተኛው ኅብስቱ ነው። ከንጹሕ ስንዴ፣ በዚያው ሌሊት፣ በቤተልሔሙ ውስጥ፣ በዲያቆን እጅ ይጋገራል። ስንዴው ተለቅሞ እንክርዳድ ያልወጣለት ከሆነ፣ ወይም ዱቄቱ ከሌላ እህል ጋር ከተቀላቀለ አይሆንም። ከወፍጮ ቤት የሚመጣ ዱቄት የሚያሰጋው ለዚሁ ነው፤ ከፊቱ በቆሎ ከተፈጨ ርዝራዡ ወፍጮው ውስጥ ይቀራል።

መቁረብ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ የነፍስ አባት ይያዙ። ያለ ንስሐ አባት ፈቃድ ወደ ቁርባን መቅረብ የለም። ከዚያ ቢያንስ 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ይከለከላሉ። እሑድ 3 ሰዓት ለሚያበቃ ቅዳሴ ወደኋላ ሲቆጠር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ የቅዳሜን ምሳ ዘግይቶ የበላ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ባለትዳሮች ከቁርባኑ ሦስት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ ይታቀባሉ። ቄሱ «ድርገት ሲወርዱ»፣ ማለትም ሊያቆርቡ ሲወጡ፣ ሕፃናት ይቀድማሉ። ከቆረቡ በኋላ ጸበል ይጠጡና አፍዎን በነጠላ ይሸፍኑ፤ ያን ቀን መትፋት፣ በባዶ እግር መሄድ፣ ገላ መታጠብና ሩቅ መንገድ የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪና የሚሳፈሩ ከሆነ፣ ለሌላ ሳምንት ያቆዩት።

ሰንበቴ፣ ማኅበርና እድር ምንና ምን ናቸው?

ሰንበቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በሰንበቴ ቤት፣ ተረኛው ባመጣው ዳቦና ጠላ የሚደረግ ነው፤ ነዳያን አብረው ይበላሉ። ማኅበር (ጽዋ) በአንድ ቅዱስ ስም በወሩ ቀን በአባላት ቤት የሚዞር ነው፤ መሪው «ሙሴ» ይባላል፣ ጽዋውም ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጣል። እድር የቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የሰፈር ነው፣ በወሎም ብዙ ቦታ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ ይይዛል።

የሰንበቴ ተራዬ ደርሷል። ምን ያህል፣ መቼ ልጀምር?

ለ40 አባላትና ለነዳያኑ፣ በድምሩ ለ50 ሰው፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላና ከ8 እስከ 10 ኪሎ ዱቄት ዳቦ ይበቃል። አንዳንድ ቦታ ንፍሮ ይጨመራል። ከዚህ በላይ መደገስ የሚያስመሰግን ይመስላል፤ ግን ቀጥሎ ተራ ያለባትን ደሃ ሴት ማሳፈር ነው። ጥሩ ሰንበቴ ልኩን ወስኖ ያስቀምጣል።

ጠላው በደጋ ከ10 እስከ 12 ቀን፣ በቆላ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተጠንስሶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ብቅሉና ተጋግሮ የተቆራረሰው ቂጣ (በደጋ የገብስ፣ በቆላ የማሽላ) ገብቶ ድፍድፉ ይሆናል። ድፍድፉ ሲብላላ ከርሞ፣ ውኃ ሞልተው አፉን ይመርጉታል፤ ጠልሎ ሲወርድ ይቀዳል። ደጋ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመቸኮል ነው፤ ድፍድፉ ሳይበስል ውኃ ይሞሉበትና ጠላው ለጋ ይሆናል፣ ሆድ ይነፋል። ቆላ ላይ በተቃራኒው ይኮመጥጣል፤ ጌሾው ካነሰ ወይም ጋኑ በደንብ ካልታጠነ ከእሑድ አያልፍም።

ዳቦው ቅዳሜ ይጋገራል። ሊጡን ኮባ ላይ አድርገው ምጣዱን ሲከድኑ ከላይም ፍም ካልጫኑበት መሐሉ ሊጥ ይቀራል፤ ተረኛዋም የምታውቀው እሑድ በካህኑ ፊት ሲቆረስ ነው። አምስት ኪሎ ዱቄት በአንድ ዳቦ ከመጋገር ለሁለት መክፈል ይሻላል። ጠላውም ዳቦውም ቅዳሜ ማታ ሰንበቴ ቤት ይግባ፤ እሑድ ጠዋት በእንስራ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ቅዳሴ ያልፈዋል።

ቅዳሜም ሰንበት ከሆነ ለምን ገበያ ይቆማል?

ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ አይሰገድባትም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አይጾምባትም (ከቀዳም ሥዑር በስተቀር)። ብዙ ገጠር በሬ አይጠመድባትም። ገበያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ላሊበላ እንኳ፣ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ባሉባት ከተማ፣ የታወቀው ገበያ ቅዳሜ ነው። ይህ ክርክር ከእኛ በፊትም ነበር።

ሙስሊም ጎረቤቶቼን ማኅበር ላይ ልጥራ?

ወሎ ውስጥ ካልጠሩ ነው የሚጠየቁት። ጸሎቱና ጽዋው የማኅበርተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቡናና ዳቦ የጎረቤት ነው። ለእነሱ ብርዝ ወይም ለስላሳ ያዘጋጁ፤ ጠላ የቀዱበትን ዋንጫ አይስጡ። በፍስክ ቀን ሥጋ ካለ ሁለት መንገድ አለ፦ ለእነሱ በሙስሊም እጅ የታረደ ዶሮ ወይም በግ ከነድስቱ ለይቶ ማዘጋጀት፣ ወይም ለሁሉም የጾም ማድረግ። ዕቃው መለየቱ ከእርዱ ያነሰ አይደለም፤ ጎረቤትዎ ዝም ብሎ ሳይበላ ቢሄድ ከመናገር አፍሮ ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ ሙስሊም ጎረቤት ሴት ራሷ መጥታ እንድትሠራ መጋበዝ ነው። ረመዳን ከሆነ ቀን አይጥሩ፤ ድርሻቸውን ለማፍጠሪያ ይላኩ።

ክርስትና የሚነሣው መቼ ነው?

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። የተወለደበትን ቀን አንድ ብለው ሲቆጥሩ ረቡዕ የተወለደ ወንድ 40ኛው እሑድ ይውላል፤ ዓርብ የተወለደች ሴትም 80ኛዋ እሑድ ነው። ሌሎቹ ቅዳሴ በሌለበት ቀን ሊውሉ ስለሚችሉ፣ ሕፃኑም በዚያው ቀን ስለሚቆርብ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሰሞነኛው ይንገሩ። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ያስፈልጋል፤ እነሱም ራሳቸው የተጠመቁና የሚጾሙ ይሁኑ። ማተብ አይርሱ። ቅብዐ ሜሮኑ ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሕፃኑ ጡት የሚተውበትን ሰዓት ካህኑን ይጠይቁ።

ቤተሰብ ሲሞትብን በሳምንቱ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ለነፍስ አባትና ለእድሩ ወዲያው ይነገር። የሰበካ ጉባኤ የአባልነት ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ብዙ ቦታ ለመቃብር ይጠየቃል። በሠልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳና በአርባ ጸሎት ይደረጋል።

የአርባውን ቀን ከወዲሁ ያስሉት። የሞተበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር፣ ቅዳሜ ለሞተ አርባው ረቡዕ ይውላል፤ ሰኞ ለሞተ ዓርብ። ሁለቱም ጾም ናቸው። በሬ ገዝተው ካሰሩ በኋላ ይህን ያወቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ጸሎተ ፍትሐቱ በቀኑ ይሁን፤ ምግቡን የጾም ማድረግ ወይም ከነፍስ አባት ጋር ተማክሮ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻላል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረግላቸዋል።

ስለት ምን ላግባ? ገንዘብስ ለማን ይሰጣል?

ዣንጥላና መጋረጃ ብዙ ነው፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ተከምሮ ብል የሚበላው እሱ ነው። የሚያልቀው ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍና ከሰል ነው። ጧፍ ከሰም የተሠራውን ይምረጡ፤ የፓራፊኑ ጭሱ ሥዕሉን ያጠቁራል። ገንዘብ በሙዳየ ምጽዋት ካልከተቱ በቀር ደረሰኝ ይቀበሉ። በ1965 ዓ.ም. ከወጣው ቃለ ዓዋዲ (የአጥቢያ አስተዳደር ደንብ) ወዲህ የአጥቢያው ገንዘብ በሰበካ ጉባኤ እጅ ነው፤ ጉባኤውም ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ይይዛል። ደረሰኝ የጠየቀን ሰው የሚቆጣ ገንዘብ ተቀባይ ካለ፣ ነገሩን ለጉባኤው ያቅርቡ።

የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ምን ልስጥ?

እንጀራ ወይም ቂጣ፣ ወጥ ሳይነካው። አኩፋዳው ውስጥ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል ቅቤ የነካ ቁራሽ የሁሉንም ያረክሳል። ሰሜን ወሎ ውስጥ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች ይበዛሉ፤ የዋድላ ቅኔ ቤትና የሰለልኩላ የቅዳሴ ዜማ የሚታወቁት እዚያ ነው። በአጥቢያዎ የሚቀድሰው ካህን ዜማው ከለመዱት የተለየ ከመሰለዎት፣ አንዱ የደብረ ዓባይ፣ ሌላው የሰለልኩላ ተማሪ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ከበሮ የማይሰማው ለምንድን ነው?

ዐቢይ ጾም ገብቷል። በጾመ ድጓ ወቅት ከበሮና ጸናጽል የለም፤ መቋሚያ ብቻ ነው።

ካህን የማይገኝባቸው ሳምንታት አሉ?

አሉ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ናት፤ ከአምባሰልና ከደሴ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን ከመላ ወሎ ካህኑም ምእመኑም ወደዚያ ይወጣል። በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ላስታ ወደ ላሊበላ ይነጉዳል። በእነዚህ ሳምንታት ክርስትና ወይም ተዝካር ያለበት ሰው አስቀድሞ፣ የሚቀረው ሰሞነኛ ማን እንደሆነ በስም ጠይቆ ቀጠሮ ይያዝ፤ ካህኑ ቢኖርም ዲያቆን መኖሩን ይጠይቅ።